ልጅ ሌሊት ትኩሳት ሲይዘው ምን እናድርግ? ጅማ ላላችሁ ወላጆች

የልጅ ትኩሳት ብዙ ጊዜ የሚበረታው ማታ ነው። የሰውነት ሙቀት በተፈጥሮው ወደ ማምሻው ከፍ ይላል። ቀን ሲሯሯጥ የዋለ ልጅ ራት ላይ ዝም ይላል፣ አልበላም ይላል፣ ግንባሩን ስትነኩት እሳት ነው። ፋርማሲው ተዘግቷል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ባጃጅም እንደልብ አይገኝም። ያኔ ሰው ይደነግጣል። ሲደነግጥ ደግሞ ቤት ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ይሰጣል።

እኔ የምሠራው እዚሁ ጅማ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ጠዋት በሩ ሲከፈት ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ልጅ የታቀፉ አባቶች ይገባሉ፣ ጥያቄውም አንድ ነው፦ "የትኩሳት ሽሮፕ ስጪኝ።" ሽሮፑን አውጥቶ መስጠት ቀላል ነው። ከሽሮፑ ጋር መነገር ያለበት ነገር ግን ብዙ ነው፣ ባንኮኒው ላይ ደግሞ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ስለዚህ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ከሁሉ በፊት ይህችን ያዙልኝ። ሽሮፑ ትኩሳቱን ያወርዳል እንጂ ትኩሳቱን ያመጣውን በሽታ አይነካውም። ጅማ ደግሞ ወባ ያለበት ከተማ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ቤት ውስጥ የምናደርገው ሁሉ ልጁን ሳይጎዳ እስከ ምርመራው ለማድረስ ነው። ምርመራውን አይተካም።

መጀመሪያ ለኩት

እናት በእጇ ነክታ "ትኩሳት አለው" ስትል ብዙ ጊዜ አትሳሳትም። ምን ያህል እንደሆነ ግን እጅ አይናገርም። ልብስ ስታጥቢ ቆይተሽ ከሆነ እጅሽ ቀዝቅዟል፣ የነካሽው ሁሉ ይሞቅሻል። ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙ፣ አንድ ጊዜ ነው የሚገዛው። ቤት ውስጥ የብርጭቆና የሜርኩሪ የድሮው ዓይነት ካለ፣ ከተሰበረ ውስጡ ያለው ሜርኩሪ መርዝ ነውና ቶሎ ብትቀይሩት ጥሩ ነው። ግንባር ላይ የሚደገነው ዓይነት ለጥርጣሬ ይጠቅማል፣ የመጨረሻውን ቃል ግን ብብት ላይ በሚያዘው ብታምኑ ይሻላል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ልጁ ተጠቅልሎ ከነበረ ልብሱን አላሉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ብብቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ልብሱን ሳይሆን ቆዳውን ይንካ፣ ከዚያ ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፋችሁ እስኪጮህ ያዙት። 37.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት አለው።

38.5 ከደረሰ፣ ወይም ከዚያ በታች ሆኖም ልጁን ካስጨነቀው፣ ሽሮፕ ይሰጠዋል። 37.8 ሆኖ የሚጫወት፣ የሚጠጣ፣ የሚስቅ ልጅ ግን መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ውሃ ስጡት፣ ተከታተሉት። ቁጥሩን ብቻ እያዩ መጨነቅ ልክ አይደለም። 39 ሆኖ ሽሮፕ ከወሰደ በኋላ ተነስቶ መጫወቻውን የሚፈልግ ልጅ አለ። 38 ሆኖ ደግሞ ዓይኑን መግለጥ የሚከብደው፣ ሲጠሩት የማይዞር ልጅ አለ። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው።

ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን የተለየ ነው። እሱ ላይ 37.5 ከታየ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር የለም። ሽሮፕም አትስጡት፣ ጡት እያጠባችሁ በዚያው ሌሊት ወደ ሕክምና ውሰዱት። የእንደዚህ ዓይነት ሕፃን ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊከፋ ይችላል፣ ምልክቱም እንደ ትልቅ ልጅ ጎልቶ አይታይም። የስድስት ሳምንት ክትባቱን ትናንት ወስዶ ቢሆንም እንኳ "ከክትባቱ ነው" ብላችሁ ቤት አትቅሩ፣ ባለሙያ ይየው።

ሽሮፑን በኪሎ እንጂ በዕድሜ አትስጡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ስህተት የማየው እዚህ ነውና።

ለልጅ ትኩሳት የመጀመሪያው መድኃኒት ፓራሲታሞል ነው። መጠኑ የሚሰላው በክብደት ነው፦ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም። የልጃችሁን ኪሎ ካላወቃችሁ የክትባት ካርዱን እዩ፣ ወይም ደህና በሆነ ጊዜ ጤና ጣቢያ ጎራ ብላችሁ አስመዝኑት። ልጅ ቶሎ ይጨምራል፣ የአምናው ኪሎ ዘንድሮ አይሠራም።

ቀጥሎ ጠርሙሱን አንብቡ። ፓራሲታሞል ሽሮፕ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 120 ሚሊግራም አለው፣ ሌላው 125፣ ሌላው ደግሞ 250። ጠርሙሶቹ ይመሳሰላሉ፣ ቀለሙም ጣዕሙም ሊመሳሰል ይችላል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የ120ው ዓይነት 5 ሚሊሊትር ልክ ነው። የ250ው ዓይነት ከሆነ ግን 2.5 ሚሊሊትር በቂው ነው። "ባለፈው አምስት ነበር የሰጠሁት" ብላችሁ ከጠንካራው 5 ብትሰጡት ከሚያስፈልገው እጥፍ ሰጣችሁ ማለት ነው። 16 ኪሎ ለሆነ ልጅ የ120ው ዓይነት 7.5 ሚሊሊትር ይሆናል። ለሕፃናት በጠብታ የሚመጣው ደግሞ ከሁሉም ጠንካራው ነው። በ1 ሚሊሊትር ብቻ 100 ሚሊግራም የያዘ ዓይነት አለ፣ እሱን በሽሮፕ ማንኪያ መስጠት ከባድ አደጋ ነው።

የቤት ማንኪያ አትጠቀሙ። የሻይ ማንኪያ የምንለው ቤት ለቤት ይለያያል፣ አንዱ 3 ሚሊሊትር ይይዛል፣ ሌላው 7። ከሽሮፑ ጋር የሚመጣውን መለኪያ ተጠቀሙ፣ ከጠፋ መርፌ የሌለው 5 ሚሊሊትር ሲሪንጅ ከፋርማሲ ግዙ፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ልጁን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ሲሪንጁን በጉንጩ በኩል አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ ስጡት። አፍንጫ ይዞ፣ አንጋሎ ማንቆርቆር ትን ያስብለዋል፣ ሳንባው ውስጥም ሊገባ ይችላል።

በሁለት መጠኖች መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ይመረጣል 6 ሰዓት ይኑር። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ በላይ አይሰጥም። የሰጣችሁበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፉ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። እናት ከምሽቱ 3 ሰዓት ሰጥታ ትተኛለች፣ አባት 5 ሰዓት ላይ ተነስቶ ልጁን ሲነካው ይሞቃል፣ እሱም ይሰጠዋል፣ አያትም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ። ሁሉም በፍቅር ነው ያደረጉት፣ ፓራሲታሞል ሲበዛ ግን ጉበት ይጎዳል። ለጉንፋንና ለሳል የሚሸጡ ሽሮፖችም ብዙዎቹ ፓራሲታሞል አላቸው፣ በፊንጢጣ የሚሰጠውም ያው መድኃኒት ነው። ሁለቱን ባንድ ላይ ሰጣችሁ ማለት አንዱን ደገማችሁ ማለት ነው።

መድኃኒቱ እስኪሠራ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ያውም ትኩሳቱን የግድ ወደ 37 አይመልሰውም፤ ከ39.5 ወደ 38.3 ከወረደና ልጁ ቀለል ካለው ሥራውን ሠርቷል። "አልወረደም" ብላችሁ ያለ ሰዓቱ አትድገሙት። ከወሰደ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰው አንድ ጊዜ መድገም ይቻላል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን ቀጣዩን ሰዓት ጠብቁ። እንቅልፍ ከወሰደውና አተነፋፈሱ ደህና ከሆነ ለመድኃኒት ብላችሁ አትቀስቅሱት።

ስለሌሎቹ የትኩሳት መድኃኒቶች ባጭሩ። አይቡፕሮፌን ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ፣ ተቅማጥና ትውከት ላለበት፣ ውሃ ላነሰው ልጅ አይሰጥም፣ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ከፓራሲታሞል ጋር እያቀያየሩ መስጠትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አልመክርም፣ ሰዓቱ ይምታታል። አስፕሪን ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለትኩሳት በፍጹም አይሆንም፤ ጉበትንና አንጎልን የሚያጠቃ፣ አልፎ አልፎ የሚከሰት ግን ገዳይ የሆነ ችግር ያመጣል። "አንድ ጊዜ መርፌ ይወጋና ይለቀው" እያላችሁ ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ የምትጠይቁም አላችሁ። የልጅ ትኩሳት በመርፌ አይባረርም፣ እባካችሁ ተዉት።

አሞክሳሲሊንም እንደዚሁ። ባለፈው የተረፈውን ከመደርደሪያ አውርዶ መስጠት አለ። በውሃ የተበጠበጠ አንቲባዮቲክ ከተበጠበጠ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ አይሠራም። ይሥራ ቢባል እንኳ ወባንም ሆነ ጉንፋንን አያድንም፣ የሳንባ ምችን ምልክት ግን ለጊዜው ሸፍኖ ሐኪሙን ሊያሳስት ይችላል።

ልብስ፣ ውሃ፣ ምግብ

ትኩሳቱ እየጨመረ ሳለ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል። ይህን ያየ ሰው "በርዶታል" ብሎ ጋቢ በጋቢ ላይ ይደርባል፣ ካልሲ ያደርግለታል፣ መስኮቱን ይደፍናል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ትኩሳቱ ይብሳል። ሲንቀጠቀጥ አንድ ስስ ነገር አልብሱት፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆምና ሰውነቱ ሲግል ግን ቀንሱለት። አንድ ስስ ቲሸርት ይበቃዋል። የጅማ ሌሊት እርጥበት ስላለው ነፋስ ፊት ለፊት አታስተኙት፣ ክፍሉ ውስጥ ግን አየር ይዘዋወር። ከሰል የተቀጣጠለበት ክፍል ውስጥ በር ዘግቶ መተኛት ለማንም አይሆንም፣ ለታመመ ልጅ ደግሞ ይብሳል።

አያት ቤት ውስጥ ካሉ ይህ ነገር ማከራከሩ አይቀርም። እርሳቸውን ተቃውሞ ጋቢ መግፈፍ አያስፈልግም። "እማማ፣ ሰውነቱ ግሏል፣ ትንሽ ላናፍስለትና እርስዎ አጠገቡ ይሁኑለት፣ ሲበርደው መልሰን እናለብሰዋለን" ብትሏቸው አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። አብረዋችሁ ሌሊቱን የሚጠብቁት እርሳቸው ናቸው፣ አስረዷቸው።

በቀዝቃዛ ውሃ አትንከሩት፣ በረዶ አታስነኩት፣ በአልኮል ወይም በአረቄ አትሹት። ቀዝቃዛ ውሃ ቆዳውን ያኮማትረዋል፣ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ውስጡም ይበልጥ ይግላል። አልኮል ደግሞ በቆዳም በትንፋሽም ወደ ደሙ ይገባል። ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ግንባሩን፣ አንገቱንና ብብቱን ማበስ ካስደሰተው አብሱት፤ ካስለቀሰው ተዉት። ያን ያህል ለውጥ አያመጣም።

ውሃ ግን ትልቁ ነገር ነው። ትኩሳት ያለበት ልጅ በላብም በትንፋሽም ውሃ ያጣል። የሚጠባ ከሆነ ደጋግማችሁ አጥቡት፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ባይጠባም ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ከስድስት ወር በላይ ከሆነ ንጹሕ ውሃ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ሾርባ በትንሽ በትንሹ ስጡት። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከተጨመረ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) በጥብጡ። አንድ ሊትር የሚለውን ፓኬት በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጡት፣ ግማሽ ፓኬት በብርጭቆ እየገመታችሁ አትሥሩ፣ የተበጠበጠውም ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም። በትክክል እየጠጣ መሆኑን ሽንቱ ይነግራችኋል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ካልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ አፉ ከደረቀ ውሃ አንሶታል።

ምግብ አታስገድዱት። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ የተፈጨ ድንች ቀለል ይላሉ፤ አቮካዶ ደግሞ ጅማ ላይ አይታጣም። አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፣ ለሳልም ቢሆን።

ምች፣ እንጥል፣ ጥርስ

"ምች መትቶት ነው" ተብሎ ዳማከሴ መጨመቅ በየቤቱ ያለ ነው። ትልቅ ልጅን ሰውነቱን ቢቀቡት አልጣላም። ለሕፃን አፍ ውስጥ፣ አፍንጫ ውስጥ ወይም ዓይን ላይ መጭመቅ ግን አደጋ አለው፣ መጠኑንም የሚያውቅ የለም። ዋናው ጉዳት ግን ሌላ ነው። ዳማከሴ ተቀባ፣ ላብ አላበው፣ ለጊዜው በረደ፣ "ለቀቀው" ተባለ። ወባ ትኩሳት በባሕርይው ይመጣል ይሄዳል፣ ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ሲመለስ አንድ ሙሉ ቀን ጠፍቷል ማለት ነው።

እንጥል ማስቆረጥንና የወተት ጥርስ ማስነቀልን በተመለከተ ግን ምንም ልዝብ ቃል የለኝም። ልጅ ሲያተኩሰው፣ ሲያስመልሰውና ጡት እምቢ ሲል "እንጥሉ ወርዶ ነው" ተብሎ በምላጭ ይቆረጣል። ደም ይፈሰዋል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ቴታነስና በደም የሚተላለፍ በሽታ ይገባል። ትኩሳቱን ያመጣው ነገርም እዚያው አለ። አታስቆርጡ። ጥርስ ማብቀልም ቢሆን ድዱን ያሳክከዋል፣ ለሃጩን ያዝረከርከዋል እንጂ 38.5 ትኩሳት አያመጣም። "ጥርስ ነው" ተብለው ቤት የቆዩ ብዙ ልጆች ሌላ በሽታ ነው የነበራቸው።

ጠዋት የወባ ምርመራ

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ወባማ ተብሎ ይቆጠራል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ወባ ይበረታል፤ ከበልጉ ዝናብ ጋር በሚያዝያና በግንቦትም ከፍ ይላል። በሌላውም ወር ግን አይጠፋም። ቡና ለቀማ ሲደርስ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሰቃ፣ ወይም ወደ አሰንዳቦ ዘመድ ቤት ሄዳችሁ ከነበረ ያንን ለሚመረምራችሁ ባለሙያ ንገሩት፣ ሳትጠየቁም ንገሩት። ትንኝ ነክሳው ምልክቱ እስኪታይ አንድ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል፣ ከጉዞው ጋር የሚያያይዘው ሰው ይጠፋል።

እዚህ ከተማ ትኩሳት ያለበት ልጅ ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ለወባ መመርመር አለበት። አፍንጫው ቢያፈስም፣ ቢያስለውም። ምርመራው ከጣት ጫፍ ጠብታ ደም ነው፣ ፈጣኑ ኪት ውጤቱን በ20 ደቂቃ ገደማ ይሰጣል። ገጠር ላላችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጤና ኬላ ላይ ትመረምራለች፣ የወባ መድኃኒትም ትሰጣለች። ከተማ ውስጥ ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ በቂ ነው። የወባ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል። ሌሊት ሽሮፕ ሰጥታችሁ ጠዋት ትኩሳቱ ቢበርድም ሂዱ። ሽሮፑ የደም ምርመራውን ውጤት አይለውጠውም፣ ስለዚህ "ምርመራው እንዳይበላሽ" ብላችሁ ልጁን ሌሊቱን ሙሉ በትኩሳት አታሰቃዩት።

ሳይመረመር የወባ መድኃኒት አትግዙ፣ ከጎረቤት የተረፈም አትበደሩ። ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉት ሁለቱም የወባ ዓይነቶች እኛ ጋ አሉ፣ መድኃኒታቸው ይለያያል፤ ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሚመለስ ለሱ የሚታዘዝ ተጨማሪ መድኃኒት አለው። ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ከታዘዘ በሦስት ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ይወሰዳል፦ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ። ከጡት፣ ከወተት ወይም ስብ ካለው ምግብ ጋር ስጡት፣ ያለ ስብ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። ልጁ በሁለተኛው ቀን ተነስቶ ሲጫወት "ዳነ" ብላችሁ የቀረውን ለወንድሙ አታስቀምጡ።

ወባ የለበትም ከተባለ ደግሞ ነገሩ አልቋል ማለት አይደለም። ባለሙያው ጆሮውን፣ ጉሮሮውን፣ ሳንባውን ይይ፣ ሽንትም ይመርመር፣ በተለይ ሕፃናት ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከትኩሳት ሌላ ምልክት ላይኖረው ይችላል። "ታይፎይድ ነው" የሚለው ውጤት ላይ አንድ ነገር ልበል። ዋይዳል የሚባለው የደም ምርመራ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ በሱ ላይ ብቻ መደምደም አይቻልም፣ ድሮ የተያዘም ሆነ ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ላይ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። "ሌላ ምክንያት ታይቷል ወይ?" ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ትኩሳቱ ከቀጠለ ደግሞ የወባው ምርመራ በማግስቱ ይደገም።

ከክትባት በኋላ የሚመጣ ትኩሳት አለ። ፔንታቫለንት የተባለውን አምስት በሽታ የሚከላከል ክትባት ከተወጋ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ፣ ከኩፍኝ ክትባት በኋላ ደግሞ ከ7 እስከ 12 ባለው ቀን ሊያተኩሰው ይችላል። ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ግን ክትባቱን አትውቀሱ፣ አስመርምሩት።

ሲያንዘፈዝፈው

ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ትኩሳት ሲጨምር ማንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። ዓይኑ ይገለበጣል፣ ሰውነቱ ይገትራል፣ ይንፈራገጣል፣ አረፋ ይደፍቃል። ለሚያይ ወላጅ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ብዙውን ጊዜ ከ5 ደቂቃ በታች ነው፣ በራሱም ይቆማል።

መሬት ላይ፣ ለስላሳ ነገር ላይ፣ በጎኑ አስተኙት። ምራቁ ወይም ትውከቱ ወደ ውጭ ይፍሰስ። አንገቱ አካባቢ ያለውን ልብስ አላሉለት። ሰዓት እዩ። አፉ ውስጥ ማንኪያ፣ ጣት፣ ውሃ፣ መድኃኒት፣ ምንም አታስገቡ። ጠፍንጋችሁ አትያዙት። ክብሪት ለኩሶ ጭሱን ማሽተት፣ ሽንኩርት አፍንጫው ላይ ማድረግ፣ ውሃ መድፋት አይጠቅምም፣ መተንፈስ በሚቸገርበት ሰዓት ጭስ መስጠት ነው የሚሆነው።

ከቆመ በኋላ ወዲያው ውሰዱት። በሌላ አገር "ከትኩሳቱ ነው" ተብሎ ቤት ሊቆይ የሚችል ልጅ እዚህ አይቆይም፤ ወደ አንጎል የወጣ ወባና የማጅራት ገትር መጀመሪያቸው እንዲህ ሊሆን ይችላል። 5 ደቂቃ ካለፈው እስኪቆም አትጠብቁ፣ በጎኑ እንደተኛ ይዛችሁ ውጡ። ጸሎቱም ዱዓውም መንገድ ላይ ይደረጋል። ተራው የትኩሳት ማንዘፍዘፍ አንጎል አይጎዳም፣ አብዛኞቹ ልጆችም የሚጥል በሽታ አይይዛቸውም፣ ይህን ስትሰሙ ትንሽ ትረጋጋላችሁ ብዬ ነው። ሽሮፕ አስቀድሞ መስጠት ማንዘፍዘፉን እንደማይከላከለውም እወቁ፣ "ሽሮፕ አዘግይቼ ነው" ብላችሁ ራሳችሁን አትክሰሱ።

ጠዋትን የማይጠብቅ ትኩሳት

ጡት ወይም ውሃ መውሰድ ካልቻለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንዘፈዘፈ፣ ከደነዘዘ ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ በዚያው ሰዓት ሂዱ። አንገቱ ከደረቀ፣ የሕፃኑ እርግብግቢት ካበጠ፣ መዳፉና ዓይኑ ከነጣ ወይም ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ሲጫኑት የማይጠፋ ሽፍታ ከወጣበትም እንዲሁ።

አተነፋፈሱን ቁጠሩ። ሳያለቅስ፣ ሳይጠባ፣ ሆዱን ገልጣችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው 60፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው፣ ሳንባው መታየት አለበት። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ደግሞ አትቁጠሩም፣ ተነሱ።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር የድንገተኛ ክፍሉ ሌሊትም ይሠራል። የምታውቁት የባጃጅ ሹፌር ካለ ስልኩን ዛሬውኑ በር ላይ ለጥፉት፣ በሌሊት ከመፈለግ ይሻላል። ስትሄዱ የክትባት ካርዱን፣ የሰጣችሁትን መድኃኒት ጠርሙስ ራሱንና ሰዓቱን የጻፋችሁበትን ወረቀት ያዙ። "አንድ ቀይ ሽሮፕ ነው የሰጠሁት" የሚለው ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም፣ ጠርሙሱ ግን ይነግረዋል።

መድኃኒት ታዞለት ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላም ሁለት ቀን ሳይሻለው ካለፈ፣ ወይም ከላይ ካልኳችሁ ምልክቶች አንዱ በመካከል ከታየ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመልሳችሁ ሂዱ። የወባ መድኃኒት ጨርሶ በወሩ ውስጥ እንደገና ካተኮሰውም ከቤት የተረፈ አትስጡት፣ ደሙ እንደገና ይታይ።